ባትሪው የሚሞተው መደርደሪያ ላይ ነው

ድሮን ማብረር ለጀመሩ ሰዎች የተደረገ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ተቃንቷል።

እንደምን አመሻችሁ።

የተጠራሁት ስለ አበራረር እንዳወራ ነበር። "እሱን ሌላ ሰው ይንገራችሁ፤ እኔ ስለ ባትሪ ላውራ" አልኳቸው። ደስ ያላቸው አይመስለኝም። ማብረር ግን እየወደቁ የሚለመድ ነገር ነው። ፕሮፔለር ቢሰበር ትቀይራላችሁ። ክንዱ ቢሰበር ትቀይራላችሁ። በማግስቱ ተመልሳችሁ ታበራላችሁ። ባትሪ ላይ የምንሠራው ጥፋት ድምፅ የለውም። ስንሠራው አይታወቀንም። ሒሳቡ የሚመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው።

ከራሴ ልጀምር። ጀማሪ እያለሁ አንድ ቅዳሜ ማታ አምስት ባትሪ ጢም አድርጌ ሞላሁ። እሑድ ጠዋት ዝናብ። በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ በዛብኝ። ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ። ባትሪዎቹ እንደሞሉ ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። እኔም "ዝግጁ ናቸው" ብዬ ተረጋግቻለሁ። ከአንድ ወር በኋላ ካርቶኑን ስከፍት ሁለቱ አብጠዋል። እንደ ጡብ ጠርዛቸው ቀጥ ያለ የነበሩት እንደ ትራስ ተነፍተዋል። የላዩ ፕላስቲክ ከመወጠሩ የተነሳ የተጻፈበት ፊደል ሳይቀር ተለጥጧል። አንድም ቀን አልበረርኩባቸውም። ሳልጠቀምባቸው ገደልኳቸው።

አንድ ያበጠ ሊፖ፣ ማለትም ድሮናችን ላይ የምንሰካውን ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ፣ ይዤ መጥቼ ላሳያችሁ አስቤ ነበር። ኋላ ላይ "ሰው የሞላበት አዳራሽ ያበጠ ሊፖ ይዤ ገብቼ ስለ ጥንቃቄ ላስተምር ነው?" ብዬ ተውኩት።

ለምን አበጡ? እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ውስጥ እንግባ።

ባትሪው የሚሠራው ሴል ከሚባሉ ክፍሎች ነው። አንድ የሊፖ ሴል ውስጥ ቀጫጭን ንጣፎች ተደራርበዋል። በአንድ በኩል የአሉሚኒየም ፎይል፣ በሌላው በኩል የመዳብ ፎይል፣ በመሃላቸው ደግሞ ሁለቱን የሚለይ ስስ ፕላስቲክ አለ። ሁሉም በሚቀጣጠል ፈሳሽ ርሰዋል። ቻርጅ ስናደርግ የሊቲየም አየኖች፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ በፈሳሹ ውስጥ አልፈው ወደ አንዱ ወገን ይሄዳሉ። ስናበር ይመለሳሉ። ነገሩ ይኸው ምልልስ ነው። የዚህ ዓይነት ባትሪ ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 በሶኒ በኩል ነው። ሐሳቡን ላመጡት ለዊቲንግሃም፣ ለጉዲናፍ እና ለዮሺኖ የኬሚስትሪ ኖቤል የተሰጣቸው በ2019 ነበር። ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር። ኖቤል ሲሸለም ከእሳቸው በዕድሜ የሚበልጥ ሰው ታይቶ አያውቅም። ባትሪ ትዕግሥት ይጠይቃል ስላችሁ ዝም ብዬ አይደለም።

አንድ ሴል ሞላ የምንለው 4.2 ቮልት ሲደርስ ነው። እዚያ ላይ ሲቆም ውስጡ ሰላም የለውም። አዎንታዊው ወገን ፈሳሹን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ፈሳሹ ሲበላሽ ጋዝ ይወጣል። የስልክ ባትሪ ቢያንስ ስልኩ ውስጥ ታጥሮ ነው የሚቀመጠው። የእኛ ሊፖ ግን ክብደት እንዲቀንስ ተብሎ በለስላሳ ከረጢት ነው የታሸገው። ጋዙ መሄጃ ስለሌለው ከረጢቱን ይነፋዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ሁሉም ነገር ይፈጥናል። የእኔ ካርቶን የተቀመጠው መስኮት ሥር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ላይ ነበር።

ስለዚህ ሳታበሩበት የምታስቀምጡትን ባትሪ በአንድ ሴል 3.8 ወይም 3.85 ቮልት ላይ አድርጉት። ደህና ቻርጀር ሁሉ "ስቶሬጅ" የሚል ምርጫ አለው። የሞላውን ያወርደዋል፣ የወረደውን ያወጣዋል። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ቻርጀር ሲያወርድ ግን ቀርፋፋ ነው። ትንንሾቹ ቻርጀሮች በጥቂት ዋት ብቻ ስለሚያወርዱ አንድ ትልቅ ባትሪ ሰዓታት ሊፈጅባቸው ይችላል። ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አብርራችሁበት የመጣችሁት ባትሪ አያስቸግራችሁም። በአየር ላይ ሴሉ 3.5 ሲደርስ ብታርፉ፣ ጭነቱ ሲነሳለት ተመልሶ 3.7 አካባቢ ይቆማል። ለማስቀመጫው ትንሽ ነው የጎደለው። የሚያስቸግረው ያልበረረው ነው። አምስት ሞልታችሁ ሦስት አብርራችሁ ስትመለሱ፣ ቦርሳው ሥር የቀሩት ሁለቱ ናቸው የሚሞቱት። ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታወጡት እነሱን ይሁን።

"ታዲያ ድንገት ማብረር ብፈልግስ?" የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ከ3.85 ተነስቶ በመደበኛ ፍጥነት ለመሙላት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ቁርስ እስክትበሉ ይሞላል። ለአንድ ቀን ወይም ለሁለት ቀን ሞልቶ ቢያድር አልቆጣም። ሳምንት ሲሆን ግን እቆጣለሁ።

አሁን ወደ ቻርጅ ልሂድ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ምክንያቱም ቤት የሚያቃጥለው ይሄኛው ነው።

ባትሪው ላይ 4ኤስ ተብሎ ከተጻፈ አራት ሴል በተከታታይ ተያይዟል ማለት ነው። ሲሞላ 4.2 በ4፣ ማለትም 16.8 ቮልት ይሆናል። 3ኤስ ከሆነ 12.6፣ 6ኤስ ከሆነ 25.2። ቻርጀሩ ላይ የሴሉን ቁጥር ስትሳሳቱ ምን እንደሚሆን እናስላ። 3ኤስ ባትሪ ሰክታችሁ ቻርጀሩን 4ኤስ ብላችሁታል እንበል። 16.8ን ለሦስት አካፍሉት። በአንድ ሴል 5.6 ቮልት። እዚያ ከመድረሱ በፊት እሳት ነው።

"ቻርጀሩ ራሱ ያውቀው የለም ወይ?" ያውቃል፤ ግን የሚያውቀው ትንሿን ነጭ ሶኬት ስትሰኩለት ነው። ባላንስ የምንላት እሷን ነው። እሷ ካልተሰካች ቻርጀሩ የሚያየው ድምሩን ብቻ ነው። የሞላ 3ኤስ 12.6 ቮልት ነው። ያለቀ 4ኤስም፣ ሴሉ 3.15 ላይ ከሆነ፣ 12.6 ቮልት ነው። ቻርጀሩ በምን ይለያቸው? ሰው እንኳን አይለያቸውም።

ባላንሷ ሌላም ጥቅም አላት። አንድ ቀን አንድ ያረጀ 4ኤስ ሰካሁ። ስክሪኑ ላይ አራት ቁጥር መጣ፦ 3.82፣ 3.83፣ 3.82፣ 3.61። አራተኛው ሴል ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህንን ባትሪ ያለ ባላንስ ብሞላው ኖሮ መጨረሻ ላይ ሦስቱ 4.25፣ አንዱ 4.05 ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ደምሩት። ልክ 16.8 ይመጣል። ቻርጀሩ "ሞላ" ብሎ ይጮሃል፣ እናንተም ትደሰታላችሁ፣ ሦስቱ ሴሎች ግን ከልካቸው አልፈዋል። ባላንሷ ስትሰካ ቻርጀሩ የቀደሙትን እየያዘ የቀረውን ይጠብቃል። ለዚህ ነው መጨረሻዋ አካባቢ የሚዘገየው። አትቸኩሉበት። ያ አራተኛ ሴል ሁለት ጊዜ ተስተካክሎ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ስለወደቀ ባትሪውን አስወገድኩት። አንድ ሴል ሲያነክስ ባትሪው በሙሉ ነው የሚያነክሰው።

ስለ ፍጥነት። "በ1ሲ ሙሉት" ሲባል ምን ማለት ነው? ባትሪው 1500 ሚሊአምፔር ሰዓት ከሆነ በ1.5 አምፔር ሙሉት ማለት ነው። 2200 ከሆነ በ2.2። በቃ። አንዳንዱ ባትሪ ላይ በ3ሲ ወይም በ5ሲ መሙላት ይቻላል ተብሎ ተጽፏል። እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ሜዳ ላይ ካልቸኮልኩ በቀር ከ1ሲ አልወጣም። ባትሪው ላይ በትልቁ ከሚጻፈው ከሌላኛው ሲ ጋር ደግሞ አታምታቱት። እሱ የመስጠት አቅሙ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ የተጋነነ። 1500 የሆነ ባትሪ "100ሲ" ካለ 150 አምፔር እሰጣለሁ ማለቱ ነው። ባትሪው ላይ ያለው ሶኬት ኤክስቲ 60 የሚባለው ነው፤ ስሙ ራሱ 60 አምፔር ይላል። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ብዙ ባትሪ ባንድ ላይ በትይዩ የሚሞላበት ሰሌዳ አለ። ጊዜ ይቆጥባል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን ሁለት ባትሪ ስታገናኙ የሞላው ወደ ጎደለው ይፈሳል፣ የሚያግደውም የለም። ልዩነታቸው ሰፊ ከሆነ ሽቦው ይግላል። ከመሰካታችሁ በፊት እያንዳንዱን ለኩ። በሴል ከ0.1 ቮልት በላይ ከተለያዩ አትሰኩ። የሴል ቁጥራቸው የተለያየ ባትሪዎችማ በጭራሽ አይገናኙም። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ለስድስት ወር ያህል አንድ በአንድ ሙሉ። ቁጥሩን ማንበብ ዓይናችሁ ሲለምድ ያኔ ሰሌዳውን ግዙ።

የት ነው የምትሞሉት? አልጋ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ አይሆንም። ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ አድርጉት፣ ዙሪያውን የሚቀጣጠል ነገር አይኑር። እናንተም እዚያው ሁኑ። ነቅታችሁ ማለቴ ነው። ማታ ሰክቶ መተኛት የሚባል ነገር የለም። የሊፖ ቦርሳ የሚባለውን የማይቃጠል ከረጢት ብዙዎቻችሁ ገዝታችኋል፣ ጥሩ ነው። ነበልባሉን ይቀንሳል። ጭሱን ግን አያስቀርም፤ ጭሱ ደግሞ ከነበልባሉ ይብሳል። የብረት ሣጥን ከተጠቀማችሁ የክዳኑን ጎማ አውጡት ወይም ቀዳዳ አብጁለት። ጋዝ መውጫ የሌለው ብረት ሣጥን ቦምብ ነው።

አሁን ሁለተኛ ጥፋቴን ልናዘዝ። ቻርጀሩ ሲያወርድ ስለሚዘገይብኝ የመኪና መብራት አምፖል ላይ ሽቦ በይጄ ባትሪ ማውረጃ ሠራሁ። ግሩም ይሠራል። አንድ ቀን አንድ 4ኤስ ሰክቼ አምፖሉ ቦግ ብሎ እያየሁት ስልክ ተደወለ። ስልኩን ይዤ ወደ ሌላ ክፍል ገባሁ። ወሬው ጣመኝ። ስመለስ አምፖሉ የከሰል ፍም መስሏል፣ ቀይ ብሎ ሊጠፋ ነው። ለካሁት። በሴል 1 ቮልት ብቻ ቀርቶታል።

ሊፖ ከ3 ቮልት በታች መውረድ የለበትም። እጅግ ሲወርድ ያ የነገርኳችሁ የመዳብ ፎይል ራሱ ፈሳሹ ውስጥ መሟሟት ይጀምራል። ከዚያ መልሳችሁ ቻርጅ ስታደርጉ የሟሟው መዳብ ያለ ቦታው ይረጋል። ሲከማች ሁለቱን ወገን ውስጥ ለውስጥ ሊያገናኛቸው ይችላል። ከውጭ ምንም አይታይም። ባትሪው "ተነስቷል"፣ ቁጥሩም ያማረ ነው። አንድ ወዳጄ ምን አለኝ? "ቻርጀሩን በኒኬል ሞድ አድርገውና ትንሽ ቀስቅሰው፣ ሦስት ሲደርስ ወደ ሊፖ መልሰው።" ይህንን ምክር ሳትሰሙት አትቀሩም። ኒኬል ሌላ ዓይነት ባትሪ ነው። ቻርጀሩ እንዲህ የወረደን ሊፖ አልሞላም ያለው እኮ ምክንያት ስላለው ነው። እናንተ ሌላ ስም ሰጥታችሁ ልታታልሉት ነው። እኔ አልቀሰቀስኩትም። እዚያው አምፖሉ ላይ ተውኩትና ዜሮ ሲገባ ባትሪ ወደሚሰበሰብበት ቦታ ወሰድኩት።

ሳያስቡት ማውረድ በስልክ ብቻ አይደለም። ባትሪውን ድሮኑ ላይ እንደተሰካ መርሳት አለ። ሌላም አለ፤ ያቺ ቮልት ዝቅ ሲል የምትጮኸውን ትንሽ ቢፐር ባላንስ ሶኬቷ ላይ እንደተሰካች መተው። ባትሪ ጠባቂ ናት ብለን እንተማመንባታለን። ነገር ግን የምትበላው ከዚያው ባትሪ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁሉም ሴል እኩል አትበላም። ስትጨርሱ ንቀሏት።

ሙቀትና ቅዝቃዜን ባጭሩ። ከበረራ ትኩስ የወረደ ባትሪ አይሞላም። መዳፋችሁ ሙቀት እስከማይሰማው ድረስ ይረፍ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪም አይሞላም፤ ሊቲየሙ መግቢያ አጥቶ ላዩ ላይ እንደ ብረት ይለጠፋል፣ ያ ደግሞ አይመለስም። ቀዝቃዛ ባትሪ ማብረር ይቻላል፤ ግን ጉልበት ስትጨምሩበት ቮልቱ ገደል ይገባል። ከመነሳታችሁ በፊት ኪሳችሁ ውስጥ አሙቁት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ አንድም ባትሪ እንዳይቀር። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ሲወጣ ጤዛ ይይዛል፣ ያውም ከምግብ ጋር። 3.85 ላይ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይበቃዋል።

የካሜራ ድሮን ያላችሁ "የእኔ ባትሪ ብልጥ ነው፣ ራሱ ይወርዳል" ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ብዙዎቹ ሞልተው ከተቀመጡ ከጥቂት ቀናት በኋላ ራሳቸው ያወርዳሉ። ውስጣቸው ያለችው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ግን እሷም ትንሽ ትንሽ ትበላለች። ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ብትረሱት ብልጡም ይሞታል። በየሦስት ወሩ ተመልከቱት።

እሳት ቢነሳስ? ምልክቱ ቀድሞ ይመጣል። ባትሪው ያብጣል፣ ይግላል፣ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ይሸታችኋል። ያ ሽታ ከረጢቱ ተቀዶ ፈሳሹ እየወጣ ነው ማለት ነው። ጭስ ሳይጀምር ከደረሳችሁ ቻርጀሩን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ባትሪውን በረጅም መቆንጠጫ አንስታችሁ ውጭ ሲሚንቶ ላይ አድርጉት፣ ራቁት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እስከዚህ ድረስ ነው። አንዴ ከተቀጣጠለ ቅጠል የሚባል የለም። በእጃችሁ እንዳታነሱት። አንዱ ሴል የጎረቤቱን ሴል ያቀጣጥላል፣ ስለዚህ "ጠፋ" ካላችሁ በኋላ እንደገና ይፈነዳል። ትንሿ የእሳት ማጥፊያ ነበልባሉን ትመታለች፣ ሙቀቱን ግን አታወጣለትም። ሙቀቱን የሚያወጣው ብዙ ውኃ ነው። አሸዋ ደግሞ እንዳይዛመት ይከላከላል። ጭሱ ግን መርዝ ነው። ክፍሉ በጭስ ከተሞላ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ እሳት አደጋ ጥሩ። ድሮኑ ይቅር።

ጥያቄዎች ቀርበው ነበር፤ ሁለቱን እዚህ ላስገባ።

አንዱ ልጅ "ያበጠ ባትሪ ጨው ውኃ ውስጥ ይነከር ይባላል" አለ። ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ጨዉ መጀመሪያ የሶኬቱን ብረት ይበላዋል፤ ከዚያ ኤሌክትሪክ መውጫ ያጣል። ባትሪው ውስጡ እንደሞላ ይቀራል፣ እናንተ ግን ባዶ መስሏችሁ ትጥሉታላችሁ። ትንሽ ብቻ ያበጠ ከሆነ ውጭ አውጥታችሁ በአምፖል አውርዱት። በጣም ካበጠ ወይም ከተቀደደ አትነካኩት፤ አሸዋ የሞላ ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ ለሚሰበስቡት አስረክቡ። "ጋዙን ላስተንፍሰው" ብሎ በመርፌ መውጋትማ አይታሰብ።

ሌላዋ ስለ አውሮፕላን ጠየቀች። ትርፍ ባትሪ የሚገባው በእጅ ሻንጣ ነው፤ ከታች በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። መለኪያው ዋት ሰዓት ነው። ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ አባዙ፦ 4ኤስ 1500 ከሆነ 14.8 በ1.5፣ ማለትም 22.2። እስከ 100 ድረስ ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ሶኬቱን በፕላስተር ሸፍኑ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አድርጉ። ለምን ከታች አይጫንም? ካቢን ውስጥ ቢጨስ የሚያየው ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 ከዱባይ በተነሳ የጭነት አውሮፕላን ውስጥ ብዙ ሊቲየም ባትሪ ካለበት ጭነት እሳት ተነስቶ ሁለቱም አብራሪዎች ሞተዋል። እና የሚፈትሻችሁ ሰው ሲያናድዳችሁ ይህንን አስታውሱ። ስትሄዱም 3.85 ላይ አድርጋችሁት ሂዱ፤ ስትደርሱ ትሞላላችሁ።

ሰዓቴ አልቋል። መለኪያዬን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ባትሪ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ኑና እንለካው። ሞልቶ የከረመ ካለ አምፖሉንም ይዤ መጥቻለሁ፣ ውጭ ወጥተን እናወርደዋለን። ስልኬን አጥፍቼዋለሁ።